ከክረምት ጎርፍ እስከ በጋ ጥማት፦ የጓሮ አትክልት በባህር ዳርና በጣና ዳርቻ

ባህር ዳር ላይ በዓመት ከሚዘንበው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ዝናቡ ይቆምና እስከ ግንቦት ድረስ ተክሉ የሚጠጣው ሰው የሚሰጠውን ብቻ ይሆናል። ሐምሌ ላይ ውሃ የተኛበት መደብ መጋቢት ላይ ተሰነጣጥቆ ይታያል። ተባይና በሽታውም ይህንኑ ይከተላል፤ እርጥበት ሲበዛ ሻጋታና አበስባሽ፣ ድርቁ ሲበረታ ክሽክሽ፣ ትሪፕስና ቀይ ሸረሪት የሚባሉት ጭማቂ መጣጭ ደቃቅ ተባዮች ይመጣሉ። ስለዚህ እዚህ አካባቢ አትክልትን የሚያድነው በዋናነት የመደቡ አሠራርና የመትከያው ቀን ነው። መርጫ የሚነሳው እነዚህ ከተስተካከሉ በኋላ ነው፤ እነሱ ሳይስተካከሉ የሚረጭ መድኃኒት የብር ኪሳራ ነው።

አፈሩን መፈተን

አንድ ክንድ ጥልቀትና አንድ ክንድ ስፋት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። ውሃ ሙሉትና እስኪሰርግ ጠብቁ፤ ከዚያ እንደገና ሙሉት። ሁለተኛው ውሃ በአራት ሰዓት ውስጥ ከሰረገ አፈሩ ውሃ ያሳልፋል። በማግስቱ ጠዋት ገና ተኝቶ ካገኛችሁት ግን በክረምት ያለ ከፍታ መደብ ምንም አትትከሉ። ከሐይቁ ዳር፣ ከረግረግ አጠገብና በፎገራ ሜዳ ያለው ጥቁር ዋልካ አብዛኛውን ጊዜ እንደዚህ ነው። ወደ ዘጌና ወደ መራዊ ያለው ቀይ አፈር ውሃ ቶሎ ያሳልፋል፤ የእሱ ችግር መታጠብና ኮምጣጣነት ነው። ለቀይ አፈር በዓመት አንድ ጊዜ በካሬ ሜትር አንድ የሻይ ብርጭቆ የተነፋ የእንጨት አመድ በትኑና ከላይኛው አፈር ጋር አዋህዱ። ድንች በሚተከልበት መደብ ላይ ግን አመድ አይደረግም፣ የድንቹን ቆዳ ያሻክራል፤ ከዩሪያ ጋርም አይቀላቀልም፣ ናይትሮጅኑ በትነት ይባክናል።

ዋልካ የሚቆፈርበት ጊዜ አጭር ነው። አንድ እፍኝ አንሡና ጨብጡት፤ በጣት ሲነካ ከፈረሰ ቆፍሩ። እንደ ሊጥ ከተለጠፈ አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ። እርጥብ ዋልካ ላይ የገባ አካፋ ሲደርቅ ጡብ ትቶ ይሄዳል፤ ሥር አይገባበትም፣ ውሃም አይሰርግበትም።

የክረምት መደብ

ሥራው ግንቦት ላይ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ካፊያዎች አፈሩን ሲያለሰልሱት፣ ትልቁ ዝናብ ሳይገባ። የመደቡ ስፋት 1 ሜትር ይሁን፤ ከግራም ከቀኝም ቆሞ መሐሉ ድረስ እጅ ስለሚደርስ መደቡ አይረገጥም። የተረገጠ ዋልካ ዝናብ ሲመታው ይዘጋል። ርዝመቱ ከ5 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። በመደቦቹ መካከል ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ቆፍሩና የወጣውን አፈር በመደቡ ላይ ከምሩ። በዋልካ መሬት የመደቡ ጀርባ ከቦዩ ወለል 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ በቀይ አፈር 15 ይበቃል።

ቦዩ ራሱ ካልፈሰሰ መደቡን ከፍ ማድረጉ ትርጉም የለውም። በ5 ሜትር ርዝመት ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ይኑረው። ለማረጋገጥ ከላይኛው ጫፍ አንድ ባልዲ ውሃ ድፉ፤ መሐል ላይ ቆሞ የሚቀር ኩሬ ካለ እሱን ቦታ ጥረጉት። ሁሉም ቦዮች ከእነሱ 10 ሳንቲ ሜትር ወደሚጠልቅ አንድ ዋና ፈሰስ ይግቡ። የዋናው ፈሰስ አፍ ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳይዞር ቀድሞ ተነጋግሮ መስማማት ይሻላል፤ ነሐሴ ላይ ሊጣሉበት የሚችሉት ጉዳይ ነው። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ቦዩ ቁልቁል ሳይሆን አግድም ይሂድ፣ ትንሽ ብቻ ያዘንብል፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ዶፍ ላይኛውን አፈር ጠርጎ ይወስደዋል። ዳርና ዳሩ በዝናብ እንዳይናድ በውጨኛው ጠርዝ ጠጅ ሳር ይተከል።

በካሬ ሜትር አንድ ባልዲ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ወይም ቢያንስ ሦስት ወር የቆየ ፍግ ከላይኛው 15 ሳንቲ ሜትር ጋር አዋህዱ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል።

እንቦጭን ለኮምፖስት መጠቀም ይቻላል፣ ግን በጥንቃቄ። አበባ ያላወጣውን ብቻ ምረጡ፣ ሥሩን ቆርጡ፣ እዚያው ከሐይቁ ዳር ራቅ ብሎ በደረቅ መሬት ላይ ጠውልጎ እስኪደርቅ አስጡት። የእንቦጭ ዘር ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ከግቢ ወደ ግቢ ሲጓጓዝ በቦይ ወይም በኩሬ ውስጥ ቢወድቅ አዲስ ቦታ ይይዛል። ከከተማው የቆሻሻ ፍሳሽ መግቢያዎች አጠገብ የበቀለውን ደግሞ ጨርሶ አትንኩት።

ጥቅምት ሲገባ ይህ ሁሉ ይገለበጣል፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም እዚህ ላይ ነው። ለክረምት ከፍ ያለው መደብ በበጋ ከአራት ጎኑ ይደርቃል፣ የምታጠጡትም ውሃ ወደ ቦዩ ይሸሻል። ስለዚህ መደቡን በአካፋ ዝቅ አድርጉ፣ ቦዩን በከፊል ሙሉት፣ በመደቡ ዙሪያ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠርዝ ሥሩ። ውሃው ከተሰጠበት ቦታ እንዲቀር ይህ የግማሽ ቀን ሥራ በቂ ነው።

ክረምቱን የሚችሉና የማይችሉ

የአበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ዱባ፣ ቦሎቄና ቃሪያ ከፍ ባለ መደብ ላይ ክረምቱን ይወጡታል። ቃሪያ በዚህ አካባቢ በደህና የሚያፈራው ውሃ ሥሩ ላይ ካልተኛ ብቻ ነው፤ አንድ ቀን ተኩል ውሃ ውስጥ የቆመ ቃሪያ ፀሐይ ሲወጣ ይጠወልጋል፣ ከዚያ አይነሳም። ቲማቲምና የራስ ሽንኩርት ግን የክረምት ተክል አይደሉም። ቲማቲሙን የቅጠል በሽታ ይበላዋል፣ ሽንኩርቱ ራስ ሳይቋጥር ይበሰብሳል። ድንችም ቢሆን በሐምሌና ነሐሴ በየሳምንቱ ካልተከታተሉት አደጋው ብዙ ነው።

ችግኝ ማፍላት

የበጋው አዝመራ የሚወሰነው በነሐሴ መጨረሻ ነው። ያኔ ገና ዶፍ ስለሚወርድ ችግኙ ከጣሪያ ሥር ይፍላ።

1. 1 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ከፍታ መደብ ሥሩ። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ አቀላቅሉ።

2. በአንድ ወገን 1 ሜትር፣ በሌላው 80 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው ችካሎች ትከሉና ላስቲክ ወጥሩ። ጎኖቹ ክፍት ይሁኑ፤ ከተዘጉ እርጥበቱ ይታመቃል። ጎን ለጎን ያረጀ አጎበር መጋረድ ነፍሳትን ይከለክላል፣ አየርም ያሳልፋል።

3. በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መስመር በእንጨት አስምሩ፣ ዘሩን አሳስታችሁ ዝሩ፣ በወንፊት በተነፋ አፈር አልብሱ፣ ስስ ደረቅ ሳር ጣል አድርጉበት።

4. ቡቃያው ብቅ ማለት እንደጀመረ ሳሩን በዚያው ቀን ከ11 ሰዓት በኋላ አንሡ። አንድ ቀን ከዘገየ ቡቃያው ነጥቶና ቀጥኖ ይረዝማል።

5. ሁለት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ርቀት እንዲኖረው አሳሱት።

6. ሊተከል 10 ቀን ሲቀረው ላስቲኩን ቀን ቀን አንሡና ውሃውን ቀንሱ። ሳይጠነክር የወጣ ችግኝ በጥቅምት ፀሐይ ይንበረከካል።

ችግኝ ማፍያ ላይ የሚደርሰው ትልቁ ጥፋት አንድ ዓይነት መልክ አለው፤ ግንዱ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ እንደ ክር ይቀጥናል፣ ይጠቁራል፣ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ እንደሆነ ቡቃያው ይወድቃል። በአንድ ጥግ ጀምሮ በሁለት ቀን አንድ ክንድ ያህል ቦታ ያራግፋል። ምክንያቱ ጥቅጥቅ ብሎ መዘራትና ማታ ማታ ማጠጣት ነው። የወደቁትን ከነአፈሩ አንሱ፣ ለሁለት ቀን ውሃ አቁሙ፣ ከዚያ በኋላ ጠዋት ብቻ አጠጡ።

ቲማቲምና ጥቅል ጎመን ከ30 እስከ 35 ቀን፣ ሽንኩርት ከ45 እስከ 55 ቀን ባለው ጊዜ ይዛወራሉ። ካሮት አይዛወርም፤ ቋሚ ቦታው ላይ ይዘራል።

ማዛወርና ርቀት

ዳመና ባለበት ቀን ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ትከሉ። ችግኝ ማፍያውን ከአንድ ሰዓት በፊት አጠጡና በማንኪያ ከነአፈሩ አንሡ። ለቲማቲም በመስመሮች መካከል 1 ሜትር፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር፤ ለጥቅል ጎመን 60 በ40፤ ለቃሪያ 70 በ30 ስጡ። ሽንኩርት በ20 ሳንቲ ሜትር ጥንድ መስመር፣ በተክሎች መካከል ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር። ቦታ ለመቆጠብ ማጨናነቅ ከሁሉ የከፋ ስስት ነው፤ ቅጠሉ ጠዋት ቶሎ ካልደረቀ በሽታ ይገባል።

ቲማቲም ግንዱ እስከ መጀመሪያው ቅጠል ድረስ ቢቀበር ከተቀበረው ክፍል ሥር ያወጣል። ሽንኩርት ግን ጠልቆ ከተቀበረ ራሱ ይረዝማል እንጂ አይወፍርም። ቲማቲሙን በጥቅምት መጀመሪያ መትከል የሚያስፈልገው በታህሳስና በጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ነው፤ አበባው በዚያ ብርድ ላይ ከወደቀ ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል።

በረዶ ሲመታ

በረዶን ማስቀረት አይቻልም፤ ጉዳቱን መቀነስ ግን ይቻላል። የታጠፈ ቀርከሃ ላይ የተወጠረ አጎበር ትንንሹን በረዶ ያበርደዋል። ከመታ በኋላ እርጥብ ተክል አትንኩ፤ በእጅ በሽታ ይዛመታል። ሲደርቅ የተቀደዱትን ቅጠሎች በስለት ቁረጡ፣ ቁስሉ ላይ ሻጋታ ሳይገባ መዳብ ያለበት ፀረ ፈንገስ ርጩ፣ ከሳምንት በኋላ ትንሽ ኮምፖስት ጨምሩ። ጎመንና ቆስጣ ከመሐል ያገግማሉ። ቲማቲም ጫፉ ቢሰበር በጎን ቅርንጫፍ ይተካል። ልቡ የተመታ ጥቅል ጎመን ግን አይጠቀልልም፤ ነቅሎ በሰላጣ መተካት ነው።

የበጋ ውሃ

በደረቁ ወራት አንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን ወደ 5 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። 10 ካሬ ሜትር ላለው ጓሮ ይህ በቀን 50 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ተኩል ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። በየቀኑ ላይ ላዩን ከመርጨት በሁለት ቀን አንድ ጊዜ 100 ሊትር ማጠጣት ይበልጣል፤ ላይ ላዩን የሚጠጣ ተክል ሥሩን ወደ ላይ ያወጣና በመጋቢት ሙቀት ይቃጠላል። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡ፤ ከዚያ በታች እርጥበት ካለ ቆዩ። ሰዓቱ ከንጋቱ 12 እስከ 2 ነው።

ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የሳር ወይም የገለባ ጉዝጓዝ የውሃውን ፍላጎት በግልጽ ይቀንሳል። ከግንዱ አራት ጣት ይራቅ። በቀይ አፈር ላይ ደረቅ ጉዝጓዝ ምስጥ ስለሚጠራ ስስ አድርጉትና ከሥሩ ሁልጊዜ እርጥብ ይሁን። ለቲማቲም ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑ ላይ በመርፌ ሁለት ቀዳዳ በስታችሁ፣ መቀመጫውን ቆርጣችሁ፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቆ በአፉ ተደፍቶ ይቀበር። ውሃው በቀጥታ ወደ ሥሩ ይወርዳል።

የሐይቅ ውሃ የምትቀዱ ከሆነ ከከተማ ፍሳሽ መግቢያ ራቁ፤ በጥሬው የሚበላ ሰላጣና ካሮትን በእንዲህ ያለ ውሃ ማጠጣት በሽታን ገበታ ላይ ማቅረብ ነው።

ተባይና በሽታ

በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ማለዳ፣ ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ከማንኛውም መድኃኒት ይቀድማል።

ቆራጭ ትል ሌሊት ችግኙን ከአፈሩ ጋር እኩል ይቆርጣል። ጠዋት የወደቀ ችግኝ ስታገኙ ዙሪያውን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር በጣት ጫሩ፤ ተጠቅልሎ የተኛ ግራጫ ትል ታገኛላችሁ። ሲተከል ጀምሮ በግንዱ ዙሪያ 6 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው የካርቶን ቀለበት ግማሹ ተቀብሮ ቢቀመጥ አያልፍም። መሬቱን ከመትከል በፊት ሦስት ሳምንት ከአረም ማጽዳትም ትሉን ያስርበዋል።

በጎመን ላይ አመድ የተነሰነሰበት መስሎ የሚታየው ክሽክሽ ነው። በደረቅ ወራትና ዩሪያ በበዛበት ጎመን ላይ ይበረታል። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ከ11 ሰዓት በኋላ ከቅጠሉ ሥር እርጩ፣ በአራተኛው ቀን ድገሙ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል። ነጠብጣብ ያላትን ቀይ ጥንዚዛ ካያችሁ መርጨቱን ጥቂት ቀን አዘግዩ፤ እሷ ክሽክሹን ትበላዋለች። በጎመኑ ቅጠል ላይ እንደ መስኮት የሳሳ ቦታ ሠርቶ፣ ሲነካ በክር ተንጠልጥሎ የሚወርደው አረንጓዴ ትል ሌላ ነው፤ እሱን በ50 ግራም የተፈጨ የኒም ፍሬ በ1 ሊትር ውሃ አሳድራችሁ፣ አጥልላችሁ ርጩበት።

ቱታ አብሶሉታ የተባለው፣ ትሉ የቲማቲም ቅጠል ውስጥ የሚበላ እሳት እራት፣ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቲማቲም የሚያለማ ሁሉ ያውቀዋል። ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንሡና እዩት፤ በሁለቱ ቆዳዎች መካከል ሰፋ ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ጉድፍ ውስጥ ትንሽ ትልና ጥቁር እዳሪ ይታያል። እንደ እባብ የተጠማዘዘ ቀጭን መስመር ከሆነ ግን የቅጠል ዝንብ ነው፤ ጉዳቱም ቀላል ነው። ቱታን ላይ ላዩን የሚረጭ መድኃኒት የማያገኘው ትሉ በቅጠሉ ውስጥ ስለሚኖር ነው፤ ተደጋግሞ የተረጨውንም መድኃኒት ይለምዳል። ስለዚህ ከተተከለ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሦስት ቀኑ የተጠቁ ቅጠሎችን ልቀሙ፣ በጥቁር ፌስታል አስራችሁ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ አስቀምጡ። ኮምፖስት ውስጥ አትጣሉ። በአጥር ሥር ያለውን እምቧይ ንቀሉ፣ ተባዩን ያቆይለታል። ማታ የሳሙና ውሃ በያዘ ሳህን ላይ መብራት ማንጠልጠል ብዙ እሳት እራቶችን ያጠምዳል። ፍሬው ሲያልቅ ግንዱን በዚያው ሳምንት ነቅላችሁ አስወግዱ፤ ከዚያ በኋላ ቢያንስ ስድስት ሳምንት በግቢው ውስጥ ቲማቲምም ድንችም አይኑር።

ሽንኩርት ላይ የብር ቀለም ያለው ጭረት የትሪፕስ ነው። የአንገቱን ቅጠሎች ከፈት አድርጉና እዩ፤ እዚያ ተሸሽገው ይገኛሉ። በጥቅምት የተተከለ ሽንኩርት የካቲትና መጋቢት ሲደርስ ራሱን ስለቋጠረ ያመልጣል፤ በጥር የተተከለው ግን ከሙቀቱ ጋር ይገናኛል።

በድንችና በቲማቲም ቅጠል ላይ ውሃ የነካው የመሰለ ጥቁር ቦታ፣ ማለዳ ከሥሩ ነጭ ሻጋታ ካለው፣ ባለሙያዎች ሌት ብላይት የሚሉት በሽታ ነው። በዳመናማ ሳምንት ጓሮውን ሙሉ ይጨርሳል። ማንኮዜብ የተባለው ፀረ ፈንገስ የሚሠራው በሽታው ሳይገባ ነው፤ መጠኑንና ከመልቀሙ በፊት የሚጠበቀውን ቀን ከማሸጊያው ላይ አንብቡ። ለእህል ማከማቻ የተሠራ መድኃኒት አትክልት ላይ አይረጭም። የመርጫው እቃም በሐይቁ ወይም በዓባይ ዳር አይታጠብ፤ ለዓሣም ለንብም መርዝ ነው።

ቲማቲም፣ ድንች ወይም ቃሪያ ቅጠሉ ሳይቢጫ በቀትር ጠውልጎ፣ ማታ ተመልሶ፣ በሦስተኛው ቀን ጨርሶ ከወደቀ ባክቴሪያን ጠርጥሩ። ለማረጋገጥ ከግንዱ ሥር አንድ ጣት የሚያህል ቁረጡ፣ ንጹሕ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ በክር አንጠልጥሉት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከተቆረጠው አፍ ወተት የመሰለ ነጭ ክር ወደ ታች ከፈሰሰ እሱ ነው። መድኃኒት የለውም። ተክሉን ከነአፈሩ አንስታችሁ ከጓሮው አውጡ፣ አካፋውን እጠቡ፣ ከዚያ መደብ ወደ ሌላው የሚፈሰውን ቦይ ዝጉ። በዚያ መደብ ላይ ለአራት ዓመት ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ካሮት ወይም ቦሎቄ ይፈራረቅበት።

ባህር ሸሽ መሬት ላይ

የጣና ውሃ ከፍ የሚለው በመስከረም ነው፤ ከዚያ እስከ ሰኔ ቀስ በቀስ ይሸሻል። ውሃው የለቀቀው መሬት እርጥበቱን ስለሚይዝ ሽንኩርት፣ ጎመንና ዱባ በጥቂት ውሃ ይደርሱበታል። መትከል የሚጀመረው ከላይ ነው፤ እግር የማይሰጥምበት ቦታ ላይ አንድ ሁለት መስመር፣ ውሃው ሲሸሽ እሱን እየተከተሉ ሌላ መስመር። ደለሉ ለም ስለሆነ ማዳበሪያ አይፈልግም፤ ትርፉ ወደ ሐይቁ ታጥቦ እንቦጩን ያሳድጋል። በዚያ ቦታ ኬሚካል ጨርሶ አይረጭ። የውሃው ጠርዝ ላይ ያለው ፊላና ደንገልም አይመንጠር፤ ደለልና ማዕበል የሚያግደው እሱ ነው።

እዚያ ላይ የሚያስቸግረው ጉማሬ ነው። ሌሊት ከውሃ ወጥቶ ሳር ሲግጥ መደቡን ይረግጠዋል፣ ሰላጣና ጎመንም አይምርም። የሚመላለስበት መንገድ በተደመደመው ሳርና በሰፊው ኮቴ ይታወቃል፤ መደባችሁን ከዚያ መንገድ ላይ አንሡ፣ በእሾህ አጥር ከልሉ፣ ከውሃው ጋር የሚያገናኘውን መተላለፊያ ግን አትዝጉበት። ጥበቃ ብሎ ሌሊት በእሱና በውሃው መካከል መቆም ሕይወት ያስከፍላል። ለደረሰ ሽንኩርት ከግማሹ በላይ ቅጠሉ ሲተኛ ውሃ አቁሙ፣ ከአሥር ቀን በኋላ ንቀሉ፣ ጥላ ላይ አንገቱ እስኪደርቅ አሰንብቱት፤ ከዚህ መሬት ላይ ያለው ሁሉ ዝናቡ ሳይጠና፣ ግንቦት ሳያልቅ ይነሳ።